አምበልነት በልደት ወይስ በሥራ?



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። እግር ኳስም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሸከመው ያደክመዋል፤ ዐሥራ አንድ ሰው ቢካፈለው ግን ጌጥ ይሆናል። ዳሩ ግን ሎሚውን ለሃምሳው ሰው የሚያካፍል አንድ አስተዋይ ሰው ካልተገኘ ሎሚው ከሸክምነት አይወጣም። በኳስ ሜዳ ይህን የማካፈል ሥራ የሚሠራው የመሐል ተጫዋች ነው።

ግብ ያገባውን ተጫዋች መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆች ስሙን እየጠሩ ይከተሉታል። ኳሱን ከተከላካዩ ተቀብሎ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ለአጥቂው ያቀበለውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ነገር ግን በሜዳው ላይ ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ሁሉ የማየት ግዴታ ያለበት እርሱ ነው። ስለዚህ ብዙ ታላላቅ አሠልጣኞች ከመሐል ተጫዋችነት የተነሡ መሆናቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ፈረንሳዊው ዲዲዬ ዴሻምፕ በ1990 ዓ.ም. የመሐል ተጫዋችና አምበል ሆኖ የዓለምን ዋንጫ አነሣ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም በ2010 ዓ.ም. በአሠልጣኝነት ያንኑ ዋንጫ ለአገሩ አመጣ።

እኛስ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረንምን? ነበረን። በዛሬው ጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁት ስለዚሁ ሰው ነው። በዕድሜ እኩዮቼ ከሆኑት መካከል ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች መሆናቸውን ጠይቄ ተረድቻለሁ። ስሙ ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል።

ሉቻኖ ቫሳሎ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የተወለደበት ጊዜ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገራችንን ሊወርር የመጨረሻ ዝግጅቱን በሚያደርግበት ሰዓት ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት መንግሥት ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አባት እንዳይኖረው በሕግ ተፈረደበት። ነጮቹ ጥቁር ነው ብለው ናቁት፤ ጥቁሮቹም የጠላት ልጅ ነው ብለው ሸሹት። በድህነት አደገ፤ የመካኒክነት ሙያ ተምሮ በላቡ መብላት ጀመረ። ከሥራው ሲወጣ ግን ኳስ ይጫወት ነበር። በኳስ ሜዳ ላይ ማንም የማን ልጅ እንደ ሆነ የማይጠየቅበት ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከአስመራ ቡድኖች ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ መጣና በዚያ ዘመን ስመ ጥር በነበረው በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ። ለብሔራዊ ቡድናችንም ተመረጠ፤ የቡድኑም አምበል ሆነ።

አሁን ወደ ታላቁ ቀን ልምጣ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በሁለተኛውም በዚችው በግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ማን ሆነ ቢባል፣ ያችው ሁለት ጊዜ ያሸነፈቻት ግብፅ ነበረች።

ቀኑ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። ግብፅ ቀድማ አገባች። የእኛዎቹ በ74ኛው ደቂቃ እኩል ሆኑ፤ ነገር ግን ደስታው ሳይበርድ በማግሥቱ ደቂቃ ግብፅ ሁለተኛውን ጨመረች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቈጠሩ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተደገመም።

ነገር ግን ከዚህ ድል በስተጀርባ አንድ ብዙ የማይነገር ታሪክ አለ። ሉቻኖ ራሱ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ተናገረው፣ ይህ ክልስ ሰው አምበል ሆኖ ዋንጫውን እንዳይቀበል የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ይህን የተቃወመው አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ይድነቃቸው ማን እንደ ሆነ ለማታውቁት ጥቂት ልጨምር። በ1914 ዓ.ም. የተወለደ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት የተጫወተ፣ ከዚያም አሠልጣኝ የሆነ ሰው ነበር። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ፕሬዚዳንቱ ሆኖ አገለገለ። ሰውን በቀለሙ የሚለየውን የደቡብ አፍሪካን የአፓርታይድ መንግሥት ከእግር ኳስ ዓለም ለማስወጣት ከታገሉት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። እንግዲህ ያ ትግል በኬፕታውን ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ ቡድኑ ውስጥ፣ በአንድ ተጫዋች ክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅም ነበር። በሩቅ አገር ያለውን በደል መቃወም ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ ያለውን መቃወም ግን ወዳጅ ያሳጣል። ይድነቃቸው ሁለቱንም አደረገ።

ሉቻኖ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድናችንንም አሠለጠነ። የመሐል ተጫዋች የነበረው ሰው አሁን ኳሱን ሳይሆን ዕውቀቱን የሚያቀብል ሆነ ማለት ነው። ዳሩ ግን ዘመኑ ተለወጠ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ጣሊያን ገብቶ በሮም አጠገብ ባለችው በኦስትያ የሕፃናት እግር ኳስ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሰው አገር ልጆችን ሲያስተምር ኖረ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያው በስደት አገሩ ዐረፈ።

እስቲ አሁን ደግሞ ከማዶ ያሉትን እንመልከት። በ1951 ዓ.ም. ግብፅ 4 ለ 0 ባሸነፈችን ጊዜ ሦስቱን ግብ ያስቈጠረብን ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ የሚባል ወጣት ነበር። ግብፃውያን ይህን ሰው ጫማውን በሰቀለ ጊዜ አልጣሉትም፤ አሠልጣኝ አደረጉት። እርሱም በየካቲት 1990 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአሠልጣኝነት ለአገሩ አስገኘ። በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ይህን ዋንጫ በማግኘት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእርሱ በኋላ ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ተከተለ፤ በ1986 ዓ.ም. በአምበልነት፣ በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝነት። በ2005 ዓ.ም. በነበረው በዚያው ውድድር አገራችን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ተመልሳ ተካፋይ ሆና ነበር፤ ከምድቧም ሳታልፍ ቀረች።

ይህን ስል የእኛ ሰዎች ሁሉ ባከኑ ማለቴ አይደለም። መንግሥቱ ወርቁ፣ ያ አራተኛውን ግብ ያስቈጠረው፣ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድናችንን ለ1974ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አድርሷል። ነገር ግን እኔ እንደሚመስለኝ አንድ አገር የምትታወቀው ጀግና በመውለድ ብቻ አይደለም፤ ጀግናው ያወቀውን ለተከታዩ እንዲያስተላልፍ ቦታ በመስጠትም ነው። ዋንጫ ያነሣ እጅ ይደክማል፤ ያስተማረ እጅ ግን በተማሪዎቹ እጅ ይኖራል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ከካምባ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። እኔም ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለዚህ ነው።

በደጋው አገራችን በቀድሞው ዘመን ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች ከሌላው ጋራ እንዳይበሉና እንዳይጋቡ በልማድ ተለይተው ይኖሩ እንደ ነበር አባቶቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ይህን የሚያዝ ሕግ የለም። በአንድ ክፍል እንማራለን፤ በአንድ አግዳሚ ወንበር እንቀመጣለን። ልማዱ ግን ከምላስ ላይ ፈጽሞ አልጠፋም። የእናቱ እንስራ ካልተገዛ ደብተር የማይገዛለት ልጅ ከእኛ መካከል አለ። ውኃ የምንቀዳው በዚያ እንስራ ነው፤ ወጣችንም የሚበስለው በዚያ ድስት ነው። ሠሪዋን ግን በሌላ ስም እንጠራለን።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ግጥሚያ ቡድን ስናዋቅር የሆነውን ልናገር። ከሁላችን ይልቅ ጨዋታ የሚያውቀው የመሐል ተጫዋቻችን ነበር። በዚያ ወደ አንድ ወገን ባጋደለ ሜዳችን ላይ፣ ጉም ወርዶ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰዓት እንኳ፣ ኳሱን የት እንደሚልክ ያውቅ ነበር። አምበል ይሁን የሚል ሐሳብ ተነሣ። ወዲያው ከኋላ አንድ ድምፅ «የማን ልጅ መሆኑን አታውቁምን?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ የቀሩት መሬት መሬት አዩ። ልጁም ምንም አልተናገረም፤ ጐንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ ግን አልተፈታም ነበር።

አምበልነቱ ለሌላ ተሰጠ። የተሰጠውም ለእኔ ነው።

እኔ ተቀበልኩ። «ዝም አይነቅዝም» እንደሚባለው ዝም አልኩ። ያን ቀን አሸነፍን፤ ግቧን ያገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ኳሱን ያቀበለኝ ደግሞ እርሱ ነበር። ሰዎች ተሸከሙኝ። ስለ ሉቻኖና ስለ ይድነቃቸው ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ባነበብኩ ጊዜም ራሴን ከሁለቱ በአንዳቸው ቦታ ለማስቀመጥ ፈልጌ አልቻልኩም። ቦታዬ ከሦስተኛዎቹ፣ ክልሱ ዋንጫውን አይቀበል ካሉት ሰዎች ዘንድ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ ተናገሩ፤ እኔ ዝም አልኩ። ውጤቱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ዝምታ የማይነቅዘው ነገሩ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ በደል ላይ የተቀመጠ ዝምታ ግን ከእህል ይልቅ ቶሎ ይነቅዛል።

ይህ ነገር ከእኛ ከጋሞዎች ባሕል ጋራም አይስማማም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሌላ ስፍራ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግፍ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ አባቶቻችን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ታሪኩን ግን ዛሬም በኩራት እንናገራለን። የአባቶቻችን ሥራ ትርጕሙ ምንድን ነው? ሰው ባልሠራው ሥራ፣ በተወለደበት ወገን ብቻ አይቀጣ ማለት ነው። እንግዲያስ ለማያውቁት ሰው የተንበረከኩ አባቶች ልጆች ሆነን፣ አብሮን የተማረውን ጓደኛችንን «የማን ልጅ ነህ?» ብለን እንዴት እንመልሰዋለን? በዱቡሻ አደባባይ በሁሉ ፊት ተነጋግሮ መወሰን የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ከኋላ ቆሞ ማንሾካሾክ ግን የማንም ባሕል አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለዚያ ልጅ ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ፣ እናቱ ያልተሸጠውን ሸክላ በገለባ ጠቅልላ ስትጭን፣ እርሱ ከሜዳው ጥግ ላይ ትንንሽ ልጆችን ሰብስቦ በጨርቅ ኳስ ያስተምራቸዋል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይከፍለውም። አንድ ቀን ቀርቤ ሰማሁት። «ከመምታትህ በፊት ቀና በል፤ ጓደኛህ የት እንዳለ እይ» ይላቸው ነበር። ከልጆቹ መካከል የማን ልጅ መሆኑን የጠየቀው አላየሁም። የእኔ ታናሽ ወንድምም ከዚያ ነበረ። አምበል ያላደረግነው ልጅ፣ እነሆ፣ ከእኛ ቀድሞ አሠልጣኝ ሆነ።

አንዳንድ ወላጆች «ኳስ ልጆችን ከትምህርት ያሰናክላል» ሲሉ እሰማለሁ። ስጋታቸውን አልነቅፍም፤ ፈተና ያለብን ተማሪዎች ነንና ለልፋታቸው ዋጋ እንድንመልስ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የኳሱ ሳይሆን የሰዓት አጠባበቃችን ነው። ሉቻኖ መካኒክ ሆኖ እየሠራ ተጫወተ። ይድነቃቸውም ኳስ ተጫዋች ስለ ነበረ የአፍሪካን ታላቅ ድርጅት ከመምራት አልተሰናከለም። ሥርዐት ያለው ኳስ ሰዓት ማክበርን፣ ለዳኛ መታዘዝን፣ ሽንፈትን መቀበልን ያስተምራል፤ እነዚህም በማንኛውም ሥራ ላይ የሚያስፈልጉ ናቸው። ሥርዐት የሌለው ኳስ ግን ከጠብ በቀር የሚያተርፈው የለም። ሥርዐት የሚያሲዘውም አሠልጣኝ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አሠልጣኝ ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ ካልመጣ ምን ይሠራል?» ይላሉ። የውጭ ሰው ዕውቀት አይጠቅምም አልልም። ታላቁ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ማለቂያ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን ሰው ነበር። ነገር ግን ኒስካነን በአገራችን ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ልጆቻችንን አውቆ ነው የሠራው። የሚመጣ ሰው ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ግን የምናውቀውን ጥቂት ነገር ይዘን ዝም ብለን መቀመጥ የለብንም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የቡድን አምበል ከእንግዲህ ወዲያ በተጫዋቾቹ ድምፅ፣ በግልጽ፣ በሁሉ ፊት ይመረጥ። የሚቃወም ሰው ቢኖር ስለ ጨዋታው ወይም ስለ ጠባዩ ይናገር እንጂ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ሥራ እንዳይናገር ይከልከል።

ሁለተኛ፣ ትምህርታችንን ጨርሰን ልንወጣ የተቃረብን ተጫዋቾች ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን እናሠልጥን። እኛ ስንሄድ የምናውቀው ሁሉ ከእኛ ጋራ ይሄዳል፤ የሚቀጥሉትም እንደ ገና ከሀሁ ይጀምራሉ። በየዓመቱ ከሀሁ የሚጀምር ቡድን መቼም ማንበብ አይደርስም። እኅቶቻችንም በዚህ ሥልጠና እኩል ይግቡ፤ በሜዳው ዳር ቆመው ልብስ እንዲጠብቁ ብቻ መጥራታችን ያው የልደት ፍርድ ሌላ መልክ ነው።

ሦስተኛ፣ ወላጆችና መምህራን ለእነዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰበሰቡት ሕፃናት አንድ እውነተኛ ኳስ እንድትገዙላቸው እለምናለሁ። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ለዚያ በጨርቅ ኳስ ለሚያስተምረው ልጅ ግን «አይተንሃል» ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ከመስጠቴ በፊት ወደ ጓደኛዬ ሄጄ አነበብኩለት። ስሙን እንዳልጽፍ ለመነኝ፤ አልጻፍኩም። የአምበልነቱንም ጨርቅ አብሬ ወስጄለት ነበር። እርሱ ግን «በድምፅ ይሁን ብለህ ጽፈህ የለምን? እንግዲያስ በድምፅ ይስጡኝ» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። የማይገባኝን ነገር እኔ በስጦታ ልሰጠው አልችልም።

ጨርቁ አሁን በደብተሬ ውስጥ ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን በተቀበለ ጊዜ ከጐኑ የቆመለት አንድ ሰው ነበረው። የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ በሚመጣው ግጥሚያ ስንሰበሰብ ከኋላ ያ ድምፅ እንደ ገና ይነሣ ይሆናል። ያን ጊዜ መሬት መሬት አንይ። እኔ በበኩሌ ድምፄን ለማን እንደምሰጥ በዚህ ጽሑፍ በሁላችሁ ፊት አስታውቄአለሁ፤ እናንተም አስቡበት።